በዋርካው ሥር የጠጣሁት ውሃ

ይህ ነገር ከደረሰ ዓመት አልፎታል። የመርሳ ሰው «ሩጫውን ለምን ተውከው?» ሲለኝ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» እያልኩ አልፋለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ የጭነት መኪና ጎማ አሁንም ብቻዬን አነሳለሁ። እውነተኛውን ምክንያት ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳት። ከሁሉም የማይረሳኝ አንድ ጣሳ ውሃ ነው። እሱን ባልጠጣ ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል አይከብደኝም ነበር እላለሁ፤ ግን ማን ያውቃል።

ሥራዬ ጎማ ጥገና ነው። ከመርሳ መናኸሪያ አለፍ ብሎ አስፋልት ዳር የቆርቆሮ ቤት አለችኝ፤ ሰዉ ጎሚስታው ሙሉጌታ ይለኛል። አርባን ካለፍኩ በኋላ የውሃ ጥም አላስቆም አላስቀምጥ ቢለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ስኳር አለብህ ተባልኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። መድኃኒቱን ጽፋ ስታበቃ ሆዴን አየት አድርጋ «ካልተንቀሳቀስክ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንህም» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ጎማ ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው ብላት «እሱ እጅህ ነው፤ እኔ የምልህ እግርህን ነው» አለችኝ።

ሩጫ የጀመርኩት እንዲህ ሆኖ ነው። በእኛ አገር ጎልማሳ ሰው አስፋልት ላይ ሲሮጥ ማየት አልተለመደም። በተለይ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ሰው የሚሮጠው ነፍሱን ለማዳን ብቻ ይመስለናል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ባለባጃጅ አጠገቤ አቁሞ «ጋሼ፣ ምን መጣ?» ብሎኛል። ምንም አልመጣም፣ ስኳር ነው አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ ባጃጁን አዙሮ ወደ ከተማ ተመለሰ።

ቀስ በቀስ ሁለት ጓደኞች አገኘሁ። ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከእኔ ፊት ለፊት ነው። ሲቀመጥ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። ካሳው ደግሞ የስፖርት መምህር ነው፤ ከሁለታችንም በዕድሜ ያንሳል፣ ሩጫ ግን ያውቃል። ዓርብ ለሰይድ፣ እሑድ ለእኔና ለካሳው ስለማይመች ቅዳሜ ጠዋትን ቆረጥን።

ለሚቀጥለው ጥቅምት ወልድያ ውስጥ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ መዘጋጀቱ ተሰማ። ካሳው ሳይጠይቀን ሦስታችንንም አስመዘገበ። ቢጫ ካናቴራ ተሰጠን። በሩጫው ቀን ያላለፈኝ ሰው የለም፤ ልጆች አለፉኝ፣ ሽማግሌዎች አለፉኝ፣ ስልክ እያወራች የምትሮጥ ሴት አለፈችኝ። ከኋላዬ የቀረው አምቡላንሱ ነው። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ እያለ «ደከመህ ወይስ ትቀጥላለህ?» ይለኛል። ሳልቆም ጨረስኩ። መጨረሻው ላይ አንዲት ልጅ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ስታጠልቅልኝ አለቀስኩ። በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር ጥቂት ስለሆነ ይሆናል።

ሜዳሊያዋን ጎማ ከምነፋበት ማሽን በላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኳት። በዚያ ሰሞን ደንበኛ ሁሉ እንዲያያት አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ዓይነት ባዶነት ተሰማኝ። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ነገር ጠፋ። ለካ ለወራት ያስነሳኝ የነበረው ስኳሩ ሳይሆን የወልድያው ሩጫ ኖሯል። ሰይድም እንደ እኔ ሆነ። ቅዳሜ ሲደርስ አንዳችን ዝናብ፣ አንዳችን እንግዳ እናመካኛለን።

ካሳው ሱቄ ድረስ መጥቶ ተቆጣ። «የመጀመሪያ ሩጫውን የጨረሰ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ግብ ካላወጣችሁ አበቃላችሁ» አለን። እሱ ግብ የሚያወጣው በኪሎ ሜትርና በደቂቃ ነው። እኔና ሰይድ ደቂቃ አይገባንም። ተከራክረን በመጨረሻ በምናውቀው ምልክት አደረግነው። መጀመሪያ ሳናርፍ የእማማ የሺ ዋርካ መድረስ፤ ቀጥሎ ሲሪንቃ፤ ከዚያ ክረምቱ ሳይገባ ከመርሳ ተነስቶ ወልድያ መግባት። ሰይድ ወልድያ ሲባል «ወላሂ እኔ በመኪናም ይደክመኛል» አለ። እኔ ግን ልቤ ተነሳ። ሜዳሊያ የተሰጠኝ ቦታ ከገዛ ከተማዬ በገዛ እግሬ ብደርስ ሌላ ሰው የምሆን መሰለኝ።

እማማ የሺ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ቤታቸው ደጃፍ ትልቅ ዋርካ አለ፤ በወራቱ ከሥሩ ማንጎ ዘርግተው ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ልጃቸው ሞላ እኔ ዘንድ ጎማ ሲጠግን የኖረ ልጅ ነው። እጁ ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ ሲነሳ ለመንኩት፤ እናቱም ለመኑት፤ አልሰማንም። በበረሃ ሄደ። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ለእማዬ ደህና ነው በላት፤ ባሕሩን ልንሻገር ነው» አለኝ። መልእክቱን አደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። የወልድያውን ሩጫ በሮጥንበት ጊዜ ዓመት ሊሞላው ነበር።

እማማ የሺ የልጃቸውን ደህንነት የሰሙት ከእኔ አፍ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ተነሳን። ጉም ወርዷል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሰይድ ነጠላ በራሱ ላይ ጠምጥሟል። ግቡ ዋርካው ስለሆነ ማንም እንዳይቆም ተማምለናል። መጨረሻው አቀበት ላይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ዋርካው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ደስታው ራሱ ጉልበት ሰጠኝ። ደረስን። ደርሰንም ሦስታችንም እጃችንን ጉልበታችን ላይ ጥለን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ከእማማ የሺ በር ፊት ለፊት ቆምን። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ በካናቴራዬ ጫፍ እጠርጋለሁ።

በሩ ተከፈተ። እማማ የሺ ወጡና አዩን።

መርዶ ነጋሪ በማለዳ እንደሚመጣ፣ ብቻውን እንደማይመጣ፣ ደጅ ላይ አንገቱን ደፍቶ እንደሚቆም የማያውቅ ሰው በእኛ አገር የለም። እኛም እናውቃለን። ያን ጠዋት ግን ሯጮች ነበርንና ረሳነው።

«ሙሉጌታ?» አሉኝ።

ትንፋሽ አጥሮኝ መልስ መስጠት አልቻልኩም። «ቆዩኝ» ለማለት እጄን አነሳሁ። እማማ የሺ ያችን እጅ አዩ። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቁም። «ልጄን» አሉና ደረታቸውን እየደቁ መሬት ላይ ወደቁ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ ምንም ሳይጠይቁ አብረው ማልቀስ ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጥተው ትከሻዬን ያዙና «በየት አገር ነው? መቼ ነው?» አሉኝ። ቀድሞ ትንፋሹ የተመለሰለት ካሳው ነው። «እማማ፣ ስፖርት ነው፤ ስፖርት እየሠራን ነው» እያለ መሬት ላይ ተንበረከከላቸው። ሰይድም «ወላሂ ምንም የሰማነው የለም» እያለ ይምላል። የሚሰማን ጠፋ።

ለቅሶውን ለማስቆም ስንት እንደደከምን እኛ ነን የምናውቀው። ቢጫ ካናቴራችንን አሳየን፤ ጫማችንን አሳየን። ነገሩ የገባቸው ወንዶች ተቆጡ። «በሰው ደጅ፣ በዚህ ሰዓት፣ ምን የሚሉት ስፖርት ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። አንገታችንን ደፍተን ሰማን፤ ያም መልሶ መርዶ ነጋሪ አስመሰለን።

እማማ የሺ ዝም ካሉ በኋላ መሬቱ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው አፈር ነክቶታል።

«እንግዲያው ልጄ አለ?» አሉኝ።

«አላውቅም እማማ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም» አልኩ።

«አላውቅም ለማለት ነው ሦስት ሆናችሁ የመጣችሁት?»

ጎረቤቶቹ ደግፈው አስነሷቸው። ወደ ቤት ሲገቡ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው «ዛሬስ ተገላገልኩ ብዬ ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ በፊት ሞላን ሳስብ እማማ የሺ የሚፈሩት ሞቱን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወደ መርሳ በእግራችን ተመለስን። ሩጫው አከተመ ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ስኳርና ሳሙና ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ፈታ ብሎ አገኘኋቸው። ማረፊያ ዘረጉልኝ። «እንኳንም ውሸት ሆነ» አሉኝ። «ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ። የእኔም ልጅ ተለቅሶለታል፤ እንግዲህ ይኖራል።» ይህን ሲሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዚያች ጠዋት ደጃቸው ላይ በመቆማችን ተስፋ እንደሰጠናቸው አየሁ፤ ደስ አለኝም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሩጫውን እንዳናቆም የከለከሉን እሳቸው ናቸው። «ብቻ ስትመጡ ከሩቅ ተጣሩ፤ እንድለያችሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ካሳው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እማማ የሺ፣ ሯጮች ነን» ይላል። እሳቸውም በሩን ከፍተው ጣሳ ውሃ ይዘው ይጠብቁናል። ሳንቆም እየተቀባበልን ጠጥተን ጣሳውን ዋርካው ሥር እናስቀምጣለን። ስንመለስ ለማረፍ ትንሽ እንቀመጣለን።

«የት ለመድረስ ነው እንዲህ መከራችሁን የምታዩት?» አሉን አንድ ቀን።

«ወልድያ ነው እማማ» አልኳቸው።

«ሚኒባስ እያለ?»

«በሚኒባስማ ሁሉም ይደርሳል።»

«ይሁን» አሉ። «ሞላ ሲመጣ እሱንም አስሩጡት። ዓረብ አገር ቁጭ ብሎ ሳይወፍር አይቀርም።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሲሪንቃ ደረስን። እዚያ ባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ እርሻ ዳር ስናልፍ የማሽላው መደብ ተሰልፎ ሲታይ ደስ ይላል። መጀመሪያ የደረስን ቀን ሰይድ አስፋልቱ ዳር ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት አስነካ። ስኳሬ ወረደ፤ ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሥራ ቤቴ ወስፌ በሳሁ። የቀረን ወልድያ ብቻ ሆነ። ካሳው በግንቦት መጨረሻ ያለውን ቅዳሜ ቆረጠ። እማማ የሺም ቀኑን ከእኛ እኩል ይጠብቁት ጀመር።

ያ ቅዳሜ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ የግራና ከተማ ልጅ ሱቄ መጣ። ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። የሚጠገን ጎማ አልያዘም። «ጎሚስታው ሙሉጌታ የምትባለው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ሞላ ጋሼ እያለ የሚያነሳህ?» አለኝ። ያኔ ገባኝ። ካናቴራውን እያፍተለተለ ነገረኝ። ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ በየመን በረሃ በእግር ሲሄዱ ሞላ በውሃ ጥም ደከመ። ይኸው ልጅ ተሸክሞት ትንሽ ሄደ። አልቻለም። ሞላ ሲሞት መንገድ ዳር ቀበረው። ልጁ ራሱ ዓረብ አገር ታስሮ ከርሞ ነው የተመለሰው፤ ወሬ የዘገየው ለዚያ ነው።

መቼ ነው አልኩት። ነገረኝ። ሞላ ለእኔ በደወለ ሰሞን ነው። እኛ ለወልድያው ሩጫ ሳንመዘገብ፣ ያን ኅዳር ዋርካው ሥር ሳንቆም፣ ሞላ ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። ለካ ያን ጠዋት እማማ የሺ የጮሁት ልክ ነበር። ልጃቸው ሞቶ ነበር። እኛ ነን በግድ ዝም ያሰኘናቸው፤ አልሞተም፣ ስፖርት ነው እያልን።

ነገሩን ለእማማ የሺ ቅሬ፣ ማለት ለዕድራቸው፣ ዳኛ ለአያ ደምሴ አደረስኩ። እንደ ወጉ ደሴ የምትኖረው ሴት ልጃቸው እስክትመጣ ተጠበቀ። ልጅቱ ዓርብ ማታ ደርሳ ጎረቤት እንድታድር ተደረገ። መርዶው ለቅዳሜ ማለዳ ተወሰነ። ለወልድያ ለተቆረጠው ቅዳሜ መሆኑ ነው። መርዶ በሩጫ ምክንያት ቀን አይለወጥም።

በማለዳ ሚኒባስ ተኮናትረን፣ አያ ደምሴ፣ የእማማ የሺ ንስሐ አባት፣ ሌሎች ሽማግሌዎችና እኛ ሦስታችን ሄድን። ሁላችንም ጋቢ ለብሰናል። መታጠፊያው ላይ ወርደን በእግር ጀመርን። አያ ደምሴ ክንዴን ያዙና ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«እናንተ ቅደሙ» አሉኝ። «እኛን ገና ስታይ ትደነግጣለች። እናንተን ለምዳለች። በሩን ትክፈት፣ ትረጋጋ፤ እኛ እንደርሳለን።»

ክፉ አስበው አይደለም። ባልቴቷ በድንጋጤ እንዳይወድቁ ፈርተው ነው። እኔም እሺ አልኩ።

ሦስታችን ቀደምን። ጋቢ ለብሰን፣ ሳንሮጥ፣ ያንኑ መንገድ። ካሳው መጣራት አልቻለም። እኔ አፌን ከፍቼ «እማማ የሺ» አልኩ። «ሯጮች ነን» የሚለው ግን አልወጣ አለኝ። አላስፈለገምም። በሩ ቀድሞ ተከፍቷል።

«ሯጮች መጣችሁ?» አሉ ከውስጥ። «ዛሬስ ዘገያችሁ። ወልድያ በዚህ አካሄድ ልትገቡ ነው?»

ጣሳውን ይዘው ወጡ። በሌላ እጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ። «ቆሎ ነው፤ ለመንገድ» አሉ። ጋቢያችንን ሲያዩ ሳቅ አሉ። «ምነው፣ በጋቢ ነው የምትሮጡት? በርዷችሁ ነው?»

ጣሳውን ዘረጉልኝ። ሰይድ ፊቱን ወደ ዋርካው አዙሯል። ካሳው መሬት መሬት ያያል። እኔ ጣሳውን ተቀበልኩ። ባልቀበል ሊጠረጥሩ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ገና አልደረሱም። ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ሞላ የሞተው በውሃ ጥም መሆኑን እያወቅሁ የእናቱን ውሃ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር። በጉሮሮዬ ሲወርድ አሁንም ይሰማኛል።

ጣሳውን ሳልመልስ የእግር ኮቴ መጣ። እማማ የሺ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ። ንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከኋላቸው አያ ደምሴ፤ ከኋላ ሴት ልጃቸው በሰው ተደግፋ። እማማ የሺ አልጮሁም። ሽማግሌዎቹን አይተው ወደ እኔ ተመለሱ፤ ወደ እጄ፤ ወደ ጣሳው።

«ያን ቀንም ለዚሁ ነበር የመጣችሁት» አሉ።

«አይደለም እማማ» አልኩ።

«ያኔም ልትነግሩኝ መጥታችሁ ነበር። ስጮህ አሳዘንኳችሁና ተዋችሁት።»

የሆነውን ለመንገር ጊዜ አልነበረም። ልጅቱ መጥታ ተጠመጠመችባቸው። ቄሱ መናገር ጀመሩ። ለቅሶው ተነሳ፣ ድንኳን ተተከለ፣ አገሩ መጣ። ቆሎው ዋርካው ሥር ተበትኖ ሰው ሲረግጠው ዋለ።

በሠልስቱ ቀረብ ብዬ ልነግራቸው ሞከርኩ። የግራናውን ልጅ እንኳ ይዤ ሄጄ እሱ መቼ እንደመጣ፣ እኔ መቼ እንደሰማሁ እንዲናገር አደረግሁ። እሱን ሰምተው ስለ ልጃቸው አቀባበር ጠየቁት፤ አመሰገኑት፤ መረቁት። ወደ እኔ ሲዞሩ ግን እጄን መታ መታ አድርገው «ተወው ልጄ፤ ለደግ ብላችሁ ነው» አሉኝ። በአርባውም እንዲሁ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። አዝነውልኝ፣ ይቅር ብለውኝ፣ ግን አላመኑኝም። «ውሃ ስሰጥህ ዓይኔን አታየኝም ነበር፤ እኔ ሞኟ ደክሞት ነው እል ነበር» አሉኝ። ያኔ ደክሞኝ ነበር። ላብ ነበር። ይህን ማን ያምናል?

እሳቸው ዘንድ የእኛ ቅዳሜዎች ሁሉ ሌላ ሆኑ። ስንስቅ እያወቅን የሳቅን፣ ስንጠጣ እያወቅን የጠጣን ሆንን። ሞላ ሲመጣ ይሩጥ ሲሉ እሺ ያልነው እያወቅን ሆነ። እንዳይፈረድባቸው፤ በእኛ አገር ሞት ተደብቆ አያውቅምን? ስንቱ እናት በልጇ ሞት ላይ ወራት ሙሉ ስቃለች፤ ስንቱ ጎረቤት አብሯት ስቋል። የሚያውቁትን ነው ያሰቡት። ከነገሩ ሁሉ እውነት የሆነችው የመጨረሻዋ ጣሳ ብቻ ናት፤ እሷንም ዓይናቸው እያየ ጠጥቻታለሁ።

ካሳው በኋላ ወልድያን ብቻውን ሮጠው። ከአደባባዩ ፎቶ ላከልኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ሰይድ አልፎ አልፎ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ይሮጣል፤ ና ይለኛል፤ አልሄድም። ስኳሬ ተመልሶ ወጣ። ሐኪሟ «ምን ሆንክ? በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበርክ እኮ» አለችኝ። ሜዳሊያዋን ከሚስማሩ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከቆዩ ቁልፎች ጋር ጣልኳት። ጠዋት ስነቃ ዋርካው ይመጣብኛል። ተኝቼ ኮርኒሱን አያለሁ።

በቅርቡ ዕቃ ልገዛ ወልድያ ስሄድ ሚኒባሱ ዋርካው ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ብዙ ጊዜ እዚያ ስደርስ ወደ ሌላው ወገን አያለሁ። ያን ቀን በመስኮት በኩል ተቀምጬ ነበር። እማማ የሺ ማንጎ በሰሃን ይዘው ወደ መኪናው ቀረቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ አርጅተዋል። አዩኝ። ሳይሸጡልኝ አንድ ማንጎ መርጠው በመስኮቱ እጄ ላይ አኖሩ።

«ሩጫውን ተውከው አሉ» አሉኝ።

«ጉልበቴን አሞኝ ነው እማማ» አልኩ። ምላሴ የለመደው እሱን ስለሆነ ነው።

«እሱንም ደብቀኝ» አሉና ሰሃናቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው መስኮት ሄዱ።

ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ መኪናው ተነሳ። ከዚያ እስከ ወልድያ፣ በእግሬ እደርስበታለሁ ብዬ የነበረውን መንገድ ሁሉ፣ ማንጎውን በእጄ እንደያዝኩ ሄድኩ። ያን ኅዳር ጠዋት እኔ አላውቅም ነበር። ይህን እሳቸው እንዲያምኑኝ የማደርግበት መንገድ እንደሌለ ያወቅሁት ያኔ ነው።